ቀዩ መጋዝ በብርቱካናማው ዕቃ፦ የጆንሰሬድ 2165 ጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 2፣ ደብረ ብርሃን

የገባው ማሽን ጆንሰሬድ 2165 የሞተር መጋዝ ነው፤ 65.1 ሲሲ፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት የብረት ምላስ) 50 ሳንቲ ሜትር። ጠራ አካባቢ ነጭ ባሕር ዛፍ ሲጥል ከርሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ። የማስነሻ ገመዱ ሲሳብ ያለምንም ትግል ይመጣል፤ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) የሚባል ነገር እጅ ላይ አይሰማም። ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ ነጥቷል፤ ደቃቅ የአሉሚኒየም ፍንጣቂም ይዟል። ይህ ብቻውን የፒስተኑን ሁኔታ ይናገራል።

ባለቤቱ ማሽኑን ሲያስረክቡ የሰጡት ማሳሰቢያ አንድ ነው፦ «ልጆቼ፣ የፈለጋችሁትን ቀይሩ፤ ብርቱካናማውን ግን እንዳታስገቡበት።»

ቀዩ ጆንሰሬድ ነው፤ ብርቱካናማው ደግሞ ሁስክቫርና፤ የሚጠሩት በክዳናቸው ቀለም ነው። ከቀዩ ወዳጆች ይህ ቃል ሁልጊዜ ይመጣል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ጆንሰሬድ በስዊድን አገር በጎተንበርግ አጠገብ ያለ ሰፈር ስም ነው። ፋብሪካው የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሙንም ራኬት ብሎታል፤ በእነሱ ቋንቋ ሮኬት ማለት ነው። ሁስክቫርና በ1689 በጠመንጃ ሥራ የተጀመረ ቤት ቢሆንም የሞተር መጋዝ ማውጣት የጀመረው በ1959 ነው። በመጋዝ ሙያ እንግዲህ ቀዩ ለብርቱካናማው በአምስት ዓመት ታላቁ ነው። በ1978 ኤሌክትሮሉክስ ሁለቱንም ገዛቸው። ከዚያ ወዲህ ቀዩና ብርቱካናማው እየተቀራረቡ ሄዱ፤ በ2006 ሁስክቫርና ከኤሌክትሮሉክስ ተለይቶ ራሱን ሲችል ጆንሰሬድን ይዞ ወጣ። ኋላም ስሙን ከገበያ አነሳው። ታላቁ በታናሹ ቤት ገብቶ ስሙን አጣ፤ የባለቤቱን ቅሬታ ያመጣው ይህ ነው። ኤንትሬ የነዳ ሾፌር የፊያት ከባድ መኪና ከ1975 ጀምሮ ኢቬኮ ውስጥ መግባቱን እያወቀ ዛሬም «ፊያት» እንደሚለው ማለት ነው።

ለባለቤቱ የተሰጠው መልስ እዚህም ይመዝገብ። 2165 ከሁስክቫርና 365 ጋር አንድ ሞተር ነው። ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት)፣ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)፣ ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑ፣ ካርቡራቶሩ፣ ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው)፣ ፍሪሲዮኑና የዘይት ፓምፑ ሁሉ አንድ ናቸው። የሚለየው የላይኛው ክዳን፣ ቀለሙና ስሙ ነው። ስለዚህ ብርቱካናማ ዕቃ «አይግባበት» ማለት ማሽኑ ሳይሠራ ይቀመጥ ማለት ነው። ክዳኖቹን እንዳሉ እናስቀምጣለን፤ ውስጡን ከመንትያው እናድሳለን። ባለቤቱም በዚህ ተስማምተዋል።

ቀይ የሆነ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። እንደ 630 እና 670 ያሉት የቆዩ ሞዴሎች ከግዢው በኋላም የተሸጡ ቢሆኑ ንድፋቸው የጆንሰሬድ የራሱ ነው፤ የብርቱካናማው ፒስተን አይገባላቸውም። ዕቃ ከማዘዝ በፊት በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ማንበብ የግድ ነው።

ኅዳር 3

ኮምፕሬሽን ተለካ፤ ገመዱ ስድስት ጊዜ ተስቦ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)።

ይህን ቁጥር ከመተርጎማችን በፊት ስለ ቦታው ማሰብ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር ሰባት እጁ ያህል ነው፤ ፒስተኑም የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። በባሕር ጠለል 150 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ105 እስከ 110 ያነባል። ይህን ሳያውቁ «110 አነበበ፣ ፒስተኑ አልቋል» እየተባለ ስንት ደህና ሞተር ፈርሷል። 60 ግን ቆላም ደጋም ቢሆን የሞተ ሞተር ነው።

ቀጥሎ ማርሚታው ወረደና በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ ብርሃን ፒስተኑ ታየ። በጭስ መውጫው በኩል ያለው ፊቱ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል፤ ፋሻውም (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) በዚያው ወገን በቀለጠ አሉሚኒየም ተለስኖ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቋል። በአየር መግቢያው በኩል ያለው ፊት ንጹሕ ነው፤ የማሽን ሥራው መስመር እንኳ አልጠፋም።

የፒስተን ቁስል በየትኛው ወገን እንዳለ ማየት ከግማሽ በላይ የሆነውን መልስ ይሰጣል። ዙሪያውን ሁሉ ከተቧጠጠ ቤንዚኑ ዘይት ሳይቀላቀልበት ተቀድቷል። በመግቢያው በኩል ብቻ ደብዝዞ ከተፋቀ በፊልትሮው በኩል አቧራ ገብቷል። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን አንሶትና አየር በዝቶበት ከመጠን በላይ ግሏል። የእኛው ሦስተኛው ነው።

ባለቤቱ «ቆላ ሲወርድ ነው የነከሰው» ብለዋል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ቆላ ላይ አየሩ ስለሚከብድ በደጋ የበቃው ቤንዚን ያንሳል። ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ ማሽን ቆላ ወርዶ በደህና ይመለሳል። ሌላ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ሲሊንደሩ ከመውረዱ በፊት መገኘት አለበት፤ ከፈረሰ በኋላ ማስረጃው ይጠፋል። ፒስተን ቀይሮ ቀዳዳውን ሳይፈልግ የገጠመ ሰው አዲሱንም ፒስተን በሳምንቱ ያቃጥለዋል።

የፍተሻ መሣሪያው እንዲህ ተዘጋጀ። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላው ተሰብሮ ወጣና በባዶው ብረት ውስጥ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በብራስ ተበየደ። ቱቦው ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጎማ ከነፓምፑና ከነጌጁ ተሰካ። ጌጁ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ ይህም በግፊት መለኪያው ባር 0.4 ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የጭስ መውጫው ከካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በላዩ በታሰረ ላሜራ ተዘጋ። ካርቡራቶሩ ወርዶ በቦታው እንደዚሁ ጎማና ላሜራ ገባ። ፒስተኑ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ መተላለፊያዎቹ ተከፍተው ላይኛውና ታችኛው ክፍል አንድ ላይ የሚሞላው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እስከ 250 ተነፋ። በ10 ሴኮንድ ወደ 90 ወረደ። ጤነኛ ሞተር በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከ20 በላይ መውረድ የለበትም።

የሳሙና ውኃ በቀለም ብሩሽ ተቀባ። የመግቢያው ጎማ ደህና፣ የሲሊንደሩ ታች ደህና፣ የፍሪሲዮኑ ወገን ደህና። ቮላኖው (በኮሎው ጫፍ የሚዞረው ባለማግኔት ክብ) ሲወርድ ግን በኮሎው ዙሪያ አረፋው እንደ ጠላ ኮረፈ። በቮላኖው በኩል ያለው ፓራኦሊ (በኮሎው ዙሪያ አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ከንፈሩ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ነገሩ አሁን ሙሉ ሆነ፦ ፓራኦሊው ከደጋ ጀምሮ አየር ያስገባ ነበር፤ ደጋ ላይ ቅልቅሉ ወፍራም ስለነበር ጉዳቱ ሳይታይ ቆየ፤ ቆላ ሲደርስ ሁለቱ ተደረቡበት።

ኅዳር 4

ማፍረስ። ፍሪሲዮኑን ለማውጣት ፒስተኑ መቆም አለበት፤ በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ የናይለን ገመድ ይገባል። ገመዱ የሚገባው ፒስተኑ የጭስ መውጫውን ከዘጋ በኋላ ነው፤ አለዚያ ገመዱ መውጫው ውስጥ ተቆንጥጦ ፋሻ ይሰብራል። የፍሪሲዮኑ ጥርስ የግራ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አዟዟር ነው። በልማድ ወደ ግራ የመታው ሰው ያጠብቀዋል፤ ኮሎው ሲላጭ ብዙ ጊዜ አይተናል። የቮላኖው ዳዶ ደግሞ የተለመደው የቀኝ ነው።

የሲሊንደሩ አራት ብሎኖች በ4 ሚሜ አለን ቁልፍ ወይም በቲ 27 ባለኮከብ ይፈታሉ፤ እንደ ማሽኑ ዘመን። ጫፋቸው በመጋዝ ብናኝና በዘይት ስለሚደፈን በቀጭን ሽቦ ሳያጸዱ ቁልፍ መጫን ራሳቸውን ያበላሻል።

ሲሊንደሩ ወጥቶ ሲታይ ክፉ ይመስላል፤ በጭስ መውጫው ወገን ግራጫ አሉሚኒየም ተለጥፎበታል። በጥፍር ሲዳሰስ ግን ጭረቱ ወደ ውስጥ አይወርድም፤ ወደ ውጭ ነው የሚቆረቁረው። ያ የፒስተኑ ቁስ ነው እንጂ የሲሊንደሩ ቁስል አይደለም። የኒኬል ልባጡ ከሥሩ ደህና ከሆነ ሲሊንደሩ ይድናል።

የኮሎው ኩሽኔታዎች በእጅ ሲዞሩ ጭጭ አሉ፤ የቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ዘንግ) ጉልበት ወደ ላይና ወደ ታች ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ካርተሩን መክፈት አላስፈለገም።

ኅዳር 6

ዕቃው ከመርካቶ መጣ። እዚህ ላይ የስሙ ጉዳይ በተግባር ይታያል። «ጆንሰሬድ 2165» ሲባል መልሱ «እሱ የለም፣ ቀርቷል» ነው። «ሁስክቫርና 365» ሲባል ዕቃው ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል። ቀይ መጋዝ ያለው ሰው ሁሉ የመንትያውን ስም በቃሉ መያዝ አለበት፦ 2165 ለ365፣ 2171 ለ372 ኤክስፒ።

አንድ ከባድ ወጥመድ አለ። በኋላ የወጣው ኤክስ ቶርክ የተባለው 365 ስሙ ያው 365 ቢሆንም ሌላ ሞተር ነው፤ ሲሊንደሩ 50 ሚሜ፣ ጉልበቱ ከ70.7 ሲሲ የሚወጣ። የቀድሞው 48 ሚሜ ነው። ስም ብቻ ጠርቶ ያዘዘ ሰው የማይገባ ፒስተን ይዞ ይመለሳል። አሮጌው ፒስተን በኪስ ተይዞ ሄዶ በካሊፐር ከአዲሱ ጋር ተለካክቷል፤ ይህ ነው አስተማማኙ።

የመጡት፦ 48 ሚሜ ፒስተን ከነፋሻው፣ ከነፒኑና ከነማቆሚያ ቀለበቶቹ፤ ፓራኦሊ 2፤ የሲሊንደር ጓርኒሲዮን፤ የካርቡራቶር ዲያፍራም ስብስብ፤ የቤንዚን ጎማና ፊልትሮ፤ ካንዴላ ኤንጂኬ ቢፒኤምአር7ኤ፤ ባለ 7 ጥርስ የካቴና (የመጋዙ ሰንሰለት) ማርሽ።

ሻጩ ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ የ372ቱን 50 ሚሜ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ገጥሞ 70.7 ሲሲ ማድረግ። ካርተሩ አንድ ስለሆነ ይገባል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ሐሳቡ ለደጋ የሚስብ ነው፤ 365 በባሕር ጠለል 3.4 ኪሎዋት ያወጣል የሚባለው እዚህ የአየሩ ክብደት በሩብ ያህል ስለሚጎድል ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ትልቁ ሲሊንደር የጎደለውን በከፊል ይመልሳል። አልተቀበልነውም። በገበያ ላይ ያለው ርካሹ ሲሊንደር ልባጡ ስስ ነው፤ የመተላለፊያዎቹ ጠርዝ ስል ሆኖ ስለሚመጣ ፋሻ ይነክሳል። የፋብሪካው ሲሊንደር የሚድን ከሆነ እሱን መጣል ኪሳራ ነው። ቀይ ማሽን የሚወድ ሰው ቢወድድ የሚገባው ይህን ሲሊንደር ነው፤ ከክዳኑ ቀለም ይልቅ የማሽኑ ዕድሜ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ኅዳር 7 እና 8

ሲሊንደሩን ማጽዳት። ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የኒኬሉን ልባጥ ግን በዚህ አጭር ጊዜ አይነካም። ደጅ፣ ነፋስ በሚወጣበት ቦታ፣ የጎማ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ይሠራል። በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ አሲድ ውስጥ ይነከርና ግራጫው ላይ ብቻ ይነካል። አሉሚኒየም ካለ ወዲያው ይፈላል፤ ነጭ አረፋ ይወጣና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በብዙ ውኃ ታጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል፤ እንደገና ይነካል። በሰባተኛው ዙር አሲዱ ተቀብቶ መፍላቱን ተወ። መፍላቱ ሲያቆም አሉሚኒየሙ አልቋል፤ ከዚያ በላይ መቀባት አያስፈልግም።

የመውጫውና የመተላለፊያዎቹ ግድግዳ ልባጥ የለውም፤ አሲዱ እዚያ ከደረሰ ሲሊንደሩን ራሱን ይበላል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ተዘቅዝቆ ነው የሚያዘው፤ ጥጡም ተጨምቆ ነው የሚገባው። በአምስተኛው ዙር አንድ ጠብታ ወደ ጭስ መውጫው ገብታ የምስር ፍሬ የምታህል ሻካራ ቦታ ትታለች። ፋሻው ከሚሄድበት መስመር ውጭ ስለሆነች ጉዳት የላትም፤ ምክንያቱ ግን ተመዝግቧል፦ ጥጡ በደንብ አልተጨመቀም ነበር።

በመጨረሻ በውኃና በመጋገሪያ ሶዳ ታጠበ፣ እንደገና በውኃ፣ ከዚያ ወዲያው ዘይት ተቀባ። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ተነክሮ በጣት እየተዞረ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ መስመር እንዲተው ተደረገ፤ በቀስታ። ልባጡ ከሥሩ እንደ አዲስ ወጣ። በመውጫው በላይ አንድ ፀጉር መሳይ መስመር አለች፤ ጥፍር አይዛትም፤ ጉዳት የላትም።

ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፒስተኑ ራስ ቀጥ ተደርጎ ተገፋ። በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሜ ነው። 1 ሚሜ ሲደርስ ፋሻው አልቋል።

ኅዳር 10

መግጠም። ፓራኦሊዎቹ በመጠናቸው ልክ በተቆረጠ የብረት ቧንቧ ቀጥ ተደርገው ተመቱ፤ ከንፈራቸው ግራሶ ተቀባ። የኮሎው ጫፍ ስል ስለሆነ ፓራኦሊው ሲያልፍበት እንዳይቆረጥ ቀጭን ፕላስቲክ ተጠቀለለበት።

የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ያያል። የፒኑ ማቆሚያ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ናቸው፤ አሮጌውን መልሶ ማስገባት ሞተሩን ለሞት መስጠት ነው። የቀለበቱ ክፍት አፍ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ይዞር፤ ወደ ጎን ከሆነ የፒስተኑ መመላለስ ያወጣዋል። ካርተሩ አፍ ላይ ጨርቅ ሳይደረግ ቀለበት መግጠም አይገባም፤ ውስጥ ገብቶ የጠፋ ቀለበት ካርተር ያስከፍታል።

ቦቢናው ከቮላኖው 0.3 ሚሜ ይርቃል። የክፍተት መለኪያ ከሌለ አንድ የቢዝነስ ካርድ በመካከል ገብቶ ቦቢናው በማግኔቱ ተስቦ እንዲይዘው ተደርጎ ይጠብቃል። የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሜ።

የካርቡራቶሩ አሮጌ ዲያፍራም ደርቆ ሲነካ እንደ ወረቀት ይንኳኳ ነበር፤ ተቀየረ። የቤንዚኑ ጎማም ታንኩ መግቢያ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ይህም ራሱን የቻለ የአየር ቀዳዳ ነው፤ በግፊቱ ፍተሻ አይታይም፣ ምክንያቱም ከካርቡራቶሩ ወዲያ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ አልተሠራም።

ኅዳር 13

በአራተኛው ስብ ተነሣ። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ግን አልወርድ አለ፤ ጋዙ ተለቅቆም ካቴናው ይዞራል። የሚኒሞው ብሎን ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ለውጥ የለም። ብሎን እያዞሩ ማሸነፍ የሚሞከረው እዚህ ላይ ነው፤ አይገባም። ሚኒሞው ለብሎን ካልታዘዘ አየር በሌላ በር እየገባ ነው።

ማሽኑ ጠፍቶ ያ የደም ግፊት ፓምፕ ተመለሰ። 250 ተነፍቶ በ30 ሴኮንድ 180። የሳሙናው ውኃ ወዲያው አሳየ፦ የመግቢያው ጎማ ሲሊንደሩን በሚይዝበት ከንፈሩ በታች በኩል ታጥፎ ነው የተገጠመው። ይህ ጎማ በጣት ስለማይደረስበት ታችኛው ጠርዙ ሳይታይ ይታጠፋል። መፍትሔው ጎማውን በትንሽ ዘይት አርሶ ከታች ጀምሮ ማስገባትና በቀጭን ደንዳና ካቻቪቴ ዙሪያውን መዳሰስ ነው። ተስተካክሎ ሲነፋ 245። ሚኒሞው ለብሎኑ ታዘዘ፤ በደቂቃ ወደ 2700 ዙር ተደርጎ ካቴናው ቆመ።

ግፊቱ ከገጠማ በኋላም ቢፈተሽ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ ከማፍረስ በፊትና ካርቡራቶሩ ከመመለሱ በፊት።

ኅዳር 14

ባሩና ካቴናው። ባሩ ባለ 1.5 ሚሜ ቦይ ነው፤ የካቴናው ርቀት ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በቦዩ ውስጥ የሚሄዱት ጥርሶች 72። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 1.6 ሚሜ ቦዩ ውስጥ አይገባም፤ 1.3 የሆነው ይገባና ይጋደላል፣ መጋዙም ወደ አንድ ጎን እየጠመዘዘ ይቆርጣል። ካቴናው በስሙ ሳይሆን በነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይገዛል።

ሞረዱ 5.5 ሚሜ ክብ። የደረቀ ነጭ ባሕር ዛፍ ስለሆነ የሚቆርጠው የጥርሱ ማዕዘን ከ30 ወደ 25 ዲግሪ ተቀነሰ፤ ጥርሱ ቶሎ አይዶለዱምም። የፊተኛው ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሜ ዝቅ ይላል። ከዚህ በላይ ሲወርድ መጋዙ ይበላል መስሎ ይነጥቃል፤ እጅ ላይም ይዘላል።

የካቴናው ዘይት ጉዳይ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መሙላት በየቦታው ልማድ ሆኗል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብረት ፓምፑንና ባሩን ይፍቃል፤ የዚህ ማሽን ፓምፕ ግድግዳ ላይ መስመሩ ይታያል። ንጹሕ ዘይት ይግባበት። የኅዳር ውርጭ ሌሊት ዘይቱን ስለሚያወፍረው ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባሩ ጫፍ ከንጹሕ ድንጋይ በላይ አንድ ስንዝር ተይዞ በሦስት አራተኛ ጋዝ ይሮጥ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዘይት መስመር ድንጋዩ ላይ ካልታየ መቁረጥ የለም።

ኅዳር 16

ማስተካከል። ነዳጁ 5 ሊትር ቤንዚን በ150 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው፤ 33 ለ1። በዋና ደረጃ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ1፣ ይበቃል፤ በገበያ ያለው ሁሉ ያን ደረጃ ስለማይይዝ 150 ተመርጧል። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት መቀላቀል ፋሻ በካርቦን ያጣብቃል፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን አይገባም።

ሁለቱ የካርቡራቶር ብሎኖች ከመዘጋት አንድ አንድ ዙር ተከፍተው ተነሣ። ሞተሩ አሥር ደቂቃ እንዲሞቅ ተተወ፤ ብርድ ሞተር ላይ የተስተካከለ ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ ሙሉ ጋዝ ተሰጠ፤ ጆሮ ነው የሚፈርደው። እንጨት ሳይነካ ሲሮጥ ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይጠራና አንድ ወጥ ይሆናል። ከእንጨት ውጭም ጠርቶ ከጮኸ ቤንዚን አንሶታል፤ የሞት ድምፅ ነው። እንጨት ውስጥም ከተንተባተበ በዝቶበታል። እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የሮጫው ብሎን (በሙሉ ጋዝ የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነው) ከመዘጋት ሦስት አራተኛ ዙር ላይ ተስማማ። ያለ ጭነት በደቂቃ 12,500 ዙር ማለፍ የለበትም፤ ለመጀመሪያው ሁለት ታንክ ከዚያ በታች እንዲቆይ ትንሽ ወፍራም ተደርጎ ተትቷል።

የፍተሻው እንጨት የ40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ ነበር። ብናኙ እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ተሰነጠቀ ገለባ ረዘም ብሎ ወጣ፤ ጥርሱ እየቆረጠ እንጂ እየፈጨ አይደለም። የካቴናው ፍሬኖ ሙሉ ጋዝ ላይ ተመታ፤ ወዲያው ያዘ። ኮምፕሬሽኑ 105፤ ፋሻው ሲቀመጥ ጥቂት ይጨምራል።

ኅዳር 17

ባለቤቱ ሊወስዱት መጡ። ክዳኑ ቀይ፣ ስሙ ጆንሰሬድ፤ አንድም ብርቱካናማ ነገር ከውጭ አይታይም። የተቀየሩት ዕቃዎች ባዶ ካርቶኖች አብረው ተሰጡ፤ ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር ለሚቀጥለው ጊዜ ይፈለጋል።

ከኋላ መያዣው ሥር በነጭ ፕላስተር ላይ ሁለት መስመር ተጽፎ ተለጥፏል፤ በላዩም ግልጽ ፕላስተር ተደርቧል፦

ደብረ ብርሃን፦ የሮጫው ብሎን 3/4 ዙር።
ሸዋ ሮቢት፦ ከመነሣቱ በፊት ሩብ ዙር ተጨምሮ ይከፈት። ከዚያ በጆሮ።

መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ቢሆንም ቁልቁለቱ 1500 ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና የሚሠራ ከሆነ ከደብረ ብርሃኑ ብዙ አይርቅም፤ ጆሮ ይበቃል። ሲመለስ ብሎኑ ወደ 3/4 ይመለስ፤ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ አይሞትም፤ ግን ማርሚታው በካርቦን ይሞላል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ሁለት ታንክ ሲጨርስ የሲሊንደሩ አራት ብሎኖችና የማርሚታው ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ።